በጅምር የቀረው መጽሐፍና የእናቴ ወረንጦ

ዓይኔን ሲጀምረኝ ሦስት መጻሕፍት ነበሩኝ። አንዱን ገና መጨረሴ ነው፤ አንዱን ግማሹ ላይ አድርሼዋለሁ፤ አንዱ ደግሞ ተራዬ እስኪደርስ ከመጽሐፍ አከራዩ ከጋሽ ሙሉቀን ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦልኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርሁት እንዲህ ነው። ሰው "እንዴት ከረምሽ?" ሲለኝ "ደህና፣ አንድ ጨርሼ አንድ ይዣለሁ" ነበር መልሴ። ባለቤቴ አድማሱ "ይች ሴት ከእኔ ጋር ሳይሆን ከወረቀት ጋር ነው የተጋባች" እያለ ለጎረቤት ያማኛል። ይማኝ።

አሁን የምጽፈው ግን መጽሐፍ ላማርጥላችሁ አይደለም። ዓይኑ እየቆረቆረው "ድካም ነው፣ ይለቀኛል" እያለ የሚኖር ሰው በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ስል ቀኝ ዓይኔን አጣሁ። እናቴ ደግሞ ከእኔ የባሰውን አጣች። የእሷን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ትርንጎ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አማርኛ አስተምራለሁ። የተወለድሁት ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር በሚገባበት ቀበሌ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች እዚያው ብቻዋን ትኖር ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ በዓል በሚያወራበት ዓመት፣ በበጋው፣ በርበሬ ልቀነጥስላት ሄጄ ስመለስ ዓይኖቼ ማልቀስ ጀመሩ።

የመሰለኝ በርበሬው ነው። "እጄን ሳልታጠብ ነክቼው ነው" ብዬ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብሁ፤ አልለቀቀኝም። በርበሬ አቃጥሎ አቃጥሎ ይተዋል፤ ይሄ አይተውም። ስገልጠው አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፤ ስከድነው ይብስበታል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የጠመኔው ብናኝ እንባዬን ያወርደዋል። ልጆቹ "ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?" ሲሉኝ "እናንተ ስለማታጠኑ ነው" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ነገሩ ያኔ ገና ሳቅ ነበረው።

ማንበቡንስ እተዋለሁ? ምን ሲደረግ! የጨረስሁት መጽሐፍ ስለ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ጨው ጭኖ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አጨራረሱ አናዶኝ ሰሞኑን ሁሉ ያገኘሁትን ሰው ስነዘንዝ ከርሜያለሁ። የያዝሁት ደግሞ ባሏ ከጦርነት ያልተመለሰላት ሴት ታሪክ ነው። ሞቷል ብለው መርዶ አላመጡላት፣ አለ ብለው አላበሰሯት። ተነሥታ ከከተማ ከተማ ትፈልገዋለች። እኔ የደረስሁበት ላይ አንድ ሩቅ አገር ሄዳ፣ "እዚህ ቤት ነው ያለ" ተብላ፣ ከበሩ ፊት ቆማ እጇን አንሥታለች። ልታንኳኳ ነው። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። እንግዲህ ይህን ትቶ የሚተኛ አንባቢ አለ ብትሉኝ አላምናችሁም። በጋሽ ሙሉቀን ጠረጴዛ ሥር ያለው ከእስር ተፈትቶ ወደ ትውልድ ቀበሌው ስለሚመለስ ሰው ነው አሉ። በዓይን ከማነበው በፊት በጆሮ ስለእሱ ብዙ ሰምቼ ነበር።

እናቴ ዓይኔን ያየችው ለገበያ ፍኖተ ሰላም በመጣችበት ቀን ነው። ገና ከበር ስትገባ "ምነው ዓይንሽ የቀላ? ነይ እስቲ ወደ ብርሃኑ" አለችኝ። አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝ። "ኧረግ! ፀጉር በቅሎብሽ!" አለች።

እኛ አገር ትልልቅ ሴቶች አንገት ላይ ከማተቡ ጋር ወረንጦ ይንጠለጠላል። እሾህ ያወጡበታል፤ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍትም ይነቅሉበታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ስትለቅም ማየት አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ደግሞ በቀበሌው የታወቀች ነቃይ ናት፤ "የእሷ እጅ አያምም" ይሏታል። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ እየመረጠች ነቀለችልኝ። እጇ አያምም የሚሉት ግን ውሸት ነው፤ ያማል። ሕመሙን ለመርሳት የያዝሁትን መጽሐፍ እተርክላት ጀመር።

"እና በሩ ላይ ቆመች" አልኋት።

"ቆመችና?"

"እስከዚያ ነው የደረስሁት።"

"በይ አትንቀሳቀሽ! ይች ደግሞ ምን ትጠብቃለች፣ አታንኳኳም!" አለች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከእኔ መጽሐፍ ግን ያመለጣት የለም። ሁሉንም በዚያ ጭኗ ላይ ሰምታዋለች። ስለ ሲራራ ነጋዴው ብነግራት "የሰው ልጅ እንዲህ ይቀራል?" ብላ የእውነት አዝናለች።

ከተነቀለልኝ በኋላ ዓይኔ አረፈ። ፀጉሩ ሲመለስ መቆርቆሩም ተመለሰ፤ እኔም ወደ እናቴ ተመለስሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። እንደ ጥፍር መቁረጥ ነበር የማየው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ "ጥፍሬን ቆርጫለሁ" ብሎ የሚናገር ማነው? እኔም ለማንም አልተናገርሁም፤ ለመናገርም አልታሰበኝም።

እያደር ግን የመነቀሉ ዕረፍት እያጠረ መጣ። አድማሱ "ሐኪም ዘንድ ሂጂ" እያለ ነዘነዘኝ። ይህን የሰማች እናቴ ከማንኩሳ ድረስ መጣች። "ሐኪም ፊት እንዲህ ሆነሽ አትቀርቢም" ብላ በዋዜማው አንድም ሳታስቀር ለቅማ አጸዳችኝ። ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ ነው የሚሄድ። ለእሷ ዓይንም እንደዚያው ነው።

ክሊኒኩ በር ላይ ያለችው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። ማንበቡ እያቃጠለኝም ቢሆን፣ ሳይዙ መጠበቅ አልለመድሁም። ሐኪሙ ሊጠራኝ ብቅ ሲል መጽሐፉን አየና ሳቀ።

"መምህርት፣ ያነባሉ መሰለኝ?"

"አዎ፣ በጣም።"

"በማታስ?"

"በማታም።"

"አለቀ፤ ሕመምዎ እሱ ነው" አለኝና መነጽር አዘዘልኝ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ደስ ሁሉ ብሎኛል። በንባብ የመጣ ሕመም የተከበረ ሕመም መሰለኝ። መነጽሩን አድርጌ ት/ቤት ስገባ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር "ተማሩ ማለት እንዲህ ነው" አሉኝ።

መነጽሩ ምንም አልሠራም። ሌላ ክሊኒክ ሄድሁ፤ እናቴ እንደ ልማዷ ቀድማ ለቅማኝ ነበር። እዚያ የነበረው ሐኪም "አለርጂ ነው፣ ዓይንሽ አቧራና ብናኝ አይስማማውም" ብሎ ጠብታ ጻፈልኝ። ጠብታውን ባደረግሁ ማግስት ዓይኔ ነጣ። ተአምር ነው አልሁ! ሲያልቅ ማንንም ሳልጠይቅ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ፤ ባዶ ብልቃጡን ካሳየኋቸው ይሰጡኛል። በኋላ እንደተነገረኝ ያ ዓይነት ጠብታ ቅላቱን ያጠፋል እንጂ ቁስሉን አያድንም። እንዲያውም ዓይን ራሱን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክመዋል። ሐኪም ሳያየው ለረጅም ጊዜ የሚደረግ አይደለም። እኔ ግን እንደ ውኃ አደረግሁት።

ክረምቱ ሲገባ ቀኝ ዓይኔ ብርሃን አልችል አለ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው። ክፍል ገብቼ ማስተማር ስላቃተኝ ፈቃድ ወሰድሁ። አድማሱ የሒሳብ መምህር ነው፤ የራሱን ፈተና አርሞ የእኔን ልጆች ፈተና ደግሞ ተቀብሎ ያርማል። ሲደክመው ይቆጣል፤ ሲቆጣ መጽሐፎቼን ያያል። "ይኸው አተረፍሽ!" አለኝ አንድ ቀን።  ከዚያ ደግሞ ጸጸተው መሰለኝ አንዱን ጋዜጣ አንሥቶ ሊያነብልኝ ሞከረ። ስም የሚጠራ ነው የሚመስል፤ ነጥብ ላይ አያርፍ፣ ጥያቄው ከመልሱ አይለይ። "ተወው አድሜ" አልሁት። በጣም ወደድሁት በዚያች ሰዓት፤ ግን አነባበቡ አይቻልም።

የእሱ ዘመዶች "ዓይነ ጥላ ነው" አሉ። ፀበል ወሰዱኝ። በሰልፉ ላይ የማላውቃቸው አንዲት አሮጊት ፀሐዩ እንዳያገኘኝ ነጠላቸውን በራሴ ላይ ዘርግተው፣ እጃቸው እስኪዝል ይዘውልኝ ቆሙ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አጥማቂው ቄስ ደግሞ ዓይኔን አይተው "ልጄ፣ ፀበሉንም ጠጭ፣ ሐኪሙንም አትተይ" አሉኝ። እነዚያ ዘመዶች ደስ አላላቸውም።

እናቴ በበኩሏ ሐኪሙ "ሕመሟ ንባብ ነው" ማለቱን ከአድማሱ ሰምታለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ ሳለ፣ ብርድ ልብሱን ትንሽ ገለጥ አድርጌ በግራ ዓይኔ አንድ ገጽ ልሞክር ስል ያዘችኝ። መጽሐፉን ከእጄ መንጭቃ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

"እማ! የሰው ነው!"

"የሰውም ቢሆን ዓይንሽን እየበላው ነው!"

"የት ልትወስጅው ነው?"

"ጎታ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ጤፍ ከላይ አፈስበታለሁ። ዓይንሽ ሲድን ትወስጃለሽ።"

ለመንኋት። አለቀስሁ። ያች ሴት በሩ ፊት እጇን እንዳነሣች ጎታ ውስጥ ገባች። ጋሽ ሙሉቀን መጽሐፉን ሊጠይቁኝ ቤት ድረስ ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ? እውነቱን ነገርኋቸው። እኒያ ደግ ሰው አልተቆጡም። "ጎታ ውስጥ ከሆነማ እርጥበት አያገኘውም" አሉና፣ ከብብታቸው የእስረኛውን መጽሐፍ አውጥተው ራስጌዬ አኖሩልኝ። "ተራዎ ደርሷል መምህርት። ሲድኑ ያነቡታል፤ ለሌላ አልሰጠውም" አሉኝ። እሱን አቅፌ ነው ያለቀስሁት። ዓይነ ስውር ብሆን ምን እንደምሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብሁት ያኔ ነው። ማስተማሬን፣ እንጀራዬን እንኳ አይደለም ያሰብሁት። ከእንግዲህ የምይዘው እንጂ የማነበው መጽሐፍ ላይኖረኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ቡሬ እንደሚመጡ ተወራ። የጤና ኤክስቴንሽኗ በየቤቱ እየዞረች ትናገር ነበር። ያን ጊዜ ቀኝ ዓይኔ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ሕመሙ እስከ ጆሮ ግንዴ ይዘልቃል። ማንኩሳ መንገዱ ላይ ስለሆነ ከእናቴ ጋር አድረን አብረን ልንሄድ ተስማማን። አድማሱ አድርሶኝ ተመለሰ።

እናቴ በቀትር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ "ነይ፣ ለሐኪሞቹ ላጽዳሽ" አለች። ጭኗ ላይ ተኛሁ። ወረንጦው የዓይኔን ጠርዝ ቆዳ ያዘ። ጮኽሁ።

"ምነው እማ!"

"ዝም በይ፣ አንዷ አምልጣኝ ነው።"

ደግማ ሞከረች። ደግማ ቆዳዬን ያዘች። ትንሽ ቆይታ እጇን አወረደች።

"ዛሬ ፀሐይዋ ደከም ብላለች፤ ደመና ነው መሰል" አለች።

ደመና አልነበረም። በዚያ በታመመ ዓይኔ እንኳ ሰማዩ ያቃጥለኝ ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት ሞከርሁ፤ በእንባዬ መሃል አልታይ አለኝ። ከእሷ ዓይን የሚወርደውን እንባ ግን ጉንጬ ላይ አገኘሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታለቅስ? ማንም ጠይቋት አያውቅም። የሁሉን ስትለቅም የእሷን የሚለቅምላት ማን እንደሆነ እኔ ልጇ አላውቅም ነበር። "ይብቃ፣ የቀረውን ሐኪሞቹ ይዩት" አልኋትና ገባን።

ቡሬ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሰልፉ በአጥሩ ዙሪያ ይዞራል። ሁሉም ዓይኑን በጨርቅ ይዟል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በየአንገታቸው ወረንጦ አለ። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ የእስረኛውን መጽሐፍ በፌስታል ይዤ ከመሃላቸው ተቀምጫለሁ። ላነበው አልችልም፤ ግን ያለ እሱ አልወጣም ብዬ ነው። አንዲት ከጎኔ ያለች ሴት "እርስዎ ታማሚ ይዘው ነው የመጡ ወይስ ራስዎ ታማሚ ነዎት?" አለችኝ። እኔም ከእነሱ አንዷ እንዳልሆንሁ ነበር የሚሰማኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ድካም የጠገበ። ፌስታሌን አላየችም፤ ሰላምታዬንም በወጉ አልመለሰች። ራሴን ወደ ኋላ አድርጋ የዓይኔን ሽፋን በጣቷ ገለበጠችው። ከዚያ በፊት አንድም ሐኪም ገልብጦት አያውቅም። የት የት እንደታከምሁ፣ ምን ብለው ምን እንዳዘዙልኝ እያስነገረችኝ በባትሪዋ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ጠርዙ መጣች።

"ይሄ ግማሹ ተነቅሏል፣ ግማሹ ቀርቷል። ማን ነው የነቀለው?"

"እኔ ነኛ!" አለች እናቴ ከኋላዬ፤ ድምፅዋ ላይ ኩራት ነበረበት። "ለእናንተ እንዲመች ብየ ነው። ሁሉን ላጸዳው ነበር፣ ፀሐይዋ እምቢ አለችኝ እንጂ።"

"ሌላ ጊዜስ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ?"

"ሁልጊዜ ነዋ! መቸ አጉድየባት አውቃለሁ? አንድ ፀጉር አላስቀርም ነበር።"

ሐኪሟ ባትሪዋን አጠፋች። "እማማ፣ ሐኪሞቹ ያላወቁላት ለዚህ ነው" አለች፤ አልተቆጣችም፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ እንጂ። ከዚያ ለሁለታችንም አስረዳችን። ሕመሙ ትራኮማ ይባላል። ገና በልጅነት ይይዝና የሽፋኑን ውስጥ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲደጋገም ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር የሽፋኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈገፍገዋል። ሲነቀል ለጊዜው ያርፋል፤ መልሶ ሲበቅል ግን አጭርና ሻካራ ሆኖ የባሰ ይቧጭራል። በእኔ ቀኝ ዓይን ላይ የተቧጨረው ቦታ አመርቅዟል፤ ያ ጠብታ ደግሞ በሩን ከፍቶለታል።

"መነጽር አድርጋ መጽሐፍ ይዛ ለምትመጣ መምህርት ይህን በሽታ የሚያስብላት የለም" አለች ሐኪሟ። "ፀጉሩንም ቢያዩት ኖሮ ይጠረጥሩ ነበር።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎም እስቲ ይቀመጡ።"

"እኔ ደህና ነኝ፤ እሷን ነው ያመጣሁ።"

"ይቀመጡ ግድ የለም።" የእናቴን ሽፋን ገለበጠችው፤ አንዱንም ሌላውንም። ከዚያ እጇን ወደ ፊቷ አንሥታ ጣቶቿን ዘረጋች። "ይሄ ስንት ነው?"

 እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "የቱ ነው ልጀ?" አለች።

ከሕመሜ ሁሉ፣ ከዓይኔም መጥፋት፣ ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ። እናቴ በጭፍን ስትነቅለኝ ከርማለች። ቀስ በቀስ ሲጨልምባት፣ የእኔን ዓይን በመዳበስ እያገኘችው፣ ለማንም ሳትናገር።

ቀኙ ትልቅ ሆስፒታል ይታይ ተብሎ፣ የዚያኑ ቀን ግራ ዓይኔን፣ የእሷን ሁለቱንም ቀዶ ጥገና አደረጉልን። የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ውጭ መልሶ መስፋት ነው፤ በመርፌ ያደነዝዙታል፣ መርፌው ሲገባ ብቻ ነው የሚያም። ሲያልቅ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን አስተኙን። ሁለታችንም ታሽገናል፤ የቀኙ ዓይኔ ባይታሸግም አልገልጠውም። የሰው ኮቴ፣ የሚኒባስ ጥሩምባ፣ የሚያቃስት ሰው ይሰማናል።

"ትርንጎ" አለችኝ።

"ወይ እማ።"

"ያች ሴትዮ አንኳኳች?"

"አላውቅም። ጎታ ውስጥ ከተትሻታ።"

ስትነፋረቅ ሰማኋት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ" አለች። "በገዛ እጀ።"

"አታልቅሽ፣ ስፌቱ ይላቀቃል!" ብዬ ጮኽሁባት።  እጇን ፈልጌ ያዝሁት። ተናድጄባት ነበር፤ አዝኜላትም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። አንቺ አይደለሽም ብዬ ልዋሻት አልፈለግሁም። "ማንም አልነገረሽም እኮ" አልኋት። እውነቱ እሱ ነበር።

እኔ ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። ቀኝ ዓይኔን ለማትረፍ ብዙ ደከሙ፤ አልተረፈም። ዛሬ መሃሉ እንደ ገንፎ የነጣ ነው፤ ተማሪዎች መጀመሪያ ሲያዩኝ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ግራው ዳነ። የእናቴ ሽፋኖች ተስተካከሉ፤ ሕመሟ ቀረ። ብሌኖቿን ግን ጠባሳው ሸፍኗቸው ስለነበር ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ አልመለሰላትም። "ቀደም ብላ ብትመጣ" አሉ። ያችን ቃል ስንቱ ቤት ሰምቷታል!

ከቡሬ ስሸኝ ያችን ሐኪም የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ማንበብስ?"

"ማንበብ ዓይን አያጠፋም" አለችኝ። "ሲደክምሽ አሳርፊው፤ በተረፈ አንብቢ።"

መጀመሪያ የታየሁ ቀን እንዲህ የሚለኝ ሰው አጥቼ! ከክሊኒኩ ደጃፍ እስከዚያች ቀን ድረስ መጽሐፍ የተከሰሰበትን ሁሉ አሰብሁና ተናደድሁ። ክሱ ከሐኪሙ ወደ አድማሱ፣ ከአድማሱ ወደ እናቴ እያለፈ፣ እውነተኛው ሕመም ግን በሽፋኔ ሥር ተቀምጦ ይበላኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐኪም ዘንድ እንደታመማችሁ ሂዱ። ገላችሁን ታጠቡ፣ ንጹሕ ልበሱ፤ ሕመሙን ግን አታጽዱት። ዓይናችሁ ላይ ፀጉር ካለ እንዳለ ይታይ። ነቅላችሁም ከሆነ "ነቅያለሁ" በሉ፤ አያሳፍርም። ሐኪሙ ሽፋናችሁን ካልገለበጠ "ገልብጠህ እይልኝ" በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ። ጠብታ ቅላቱን ስላጠፋ አድኖኛል አትበሉ። ደግሞ ሌላውን የሚለቅመውን ሰው አንዳንዴ ቀና ብላችሁ ዓይኑን እዩት።

እናቴን ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። እምቢ ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ከምድጃ ዳር ወደቀችና ራሷ "ውሰዱኝ" አለች። መሬቷን ለሚያርሰው ትታ፣ ጎታዋን ለጎረቤት ሰጠች። መጽሐፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ብብቴ ክንዴን ሰድጄ። ሳራግፈው ከየገጹ ጤፍ ይረግፍ ጀመር። ጋሽ ሙሉቀን ሲያዩት "ከነቀለቡ መጣ" ብለው ሳቁና መልሰው ሰጡኝ።

እሁድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነው። እናቴ እንደ ድሮው "ነይ ተኝ" አለችኝ፤ ጭኗን መታ መታ እያደረገች። ተኛሁ። ጣቶቿ የግራ ዓይኔን ጠርዝ እየዳበሱ ሄዱ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር ፈለገች። አላገኘችም። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች፤ ወረንጦው አሁንም ከማተቡ ጋር ነበር። ይዛው ትንሽ ቆየች። ማተቡን ትታ የወረንጦውን ክር በጥርሷ በጥሳ ሰጠችኝ።

"ወርውሪው። እኔ የት እንደወደቀ እንዳላውቅ" አለች።

ተነሥቼ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁትና ተመለስሁ። መጽሐፉን ገለጥሁ። ፊደሎቹ መጀመሪያ ይዋኛሉ፤ አንዱን ዓይን ሲጠቀሙ ረድፉ ይጠፋል፤ በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነበው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ድምፄን አውጥቼ አነበብሁላት። ሴትዮዋ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። የከፈተችላት ሴት ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኑ የባሏ መልክ ነው።

"አይ ወንድ!" አለች እናቴ። "ቀጥይ።"

ትንሽ አንብቤ ዓይኔ ሲደክም አቆምሁ። እናቴ እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ፈለገችው። ያነበብሁትን ወገን በአውራ ጣቷ፣ የቀረውን በሌላው ያዘች፤ ውፍረቱን መዘነችው።

"ይሄ ሁሉ ገና አለ?"

"አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የእስረኛው አለ፤ ጋሽ ሙሉቀን ያስቀመጡልኝ። ከዚያም ሌላ ይመጣል።"

"እንግዲያስ ምን ትቀመጫለሽ? ቶሎ ቶሎ በያ" አለች። "ለሁለታችን የቀረችን አንዲት ዓይን ናት።"

ዓይኔን ጠርጌ ቀጠልሁላት።